ምክሬ ያልገባበት ቤት

በ2081 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ጭማቂ ለመግዛት የተሰለፈ ሰው ተራው ሲደርስ ለአንድ አፍታ ዝም ይላል። ጆሮው ውስጥ የሚነገረውን ያዳምጣል፤ ከዚያ «ማንጎ» ወይም «ፓፓያ» ይላል። ሻጩም ያቺን አፍታ ያውቃታልና አይቸኩልም። ልብስ ቤትም፣ ሐኪም ፊትም፣ ሽማግሌ ተልኮ መልስ ሲጠበቅም እንዲሁ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚናገረው መሣሪያ በመንግሥት ወረቀት ላይ «የምርጫ አጋዥ» ይባላል፤ ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ ምክሬ አለው፣ ምክሬ ሆኖ ቀረ። ዘመድ የልጅ ጉንጭ እየሳመ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ማለቱን ትቷል። የሚጠይቅ ካለም ልጁ ግራ ገብቶት እናቱን ያያል።

ስንዱ በዚህ የምታማርር ሰው አልነበረችም። ደሴ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። በሃያ ሦስት ዓመቷ ምክሬ «ድሬዳዋ ይስማማሻል» ሲላት በሁለተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። እውነትም ተስማማት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልለቀቃት አስም ቆላው ላይ ስትደርስ ተዋት። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ምክሬ ከእጮኛዋ ከዮናታን ጋር እንደማይዘልቁ ነገራት። ለእሱም በዚያው ሰዓት ነግሮት ኖሮ ሻይ ቤት ተገናኙ፣ ስኳር ተቀባበሉ፣ መልካም ምኞት ተለዋውጠው ተለያዩ። አልተጣሉም። ስንዱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋ መዝጋቢነት ነው። የውሳኔ ጥናት ተቋም ምክሬን ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደ ከተማዋ ሲያስገባ፣ ምክሬ ሰውን መጥቀም አለመጥቀሙ የሚታወቀው ምክሬ የሌላቸው ሰዎችም ሲኖሩ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በዕጣ አራት መቶ አሥራ ስምንት ቤተሰብ ለይተው «እናንተ እንደ ድሯችሁ ራሳችሁ ወስኑ፤ እኛ በየወሩ እየመጣን እንጠይቃችኋለን» አሏቸው። መውጣት የፈለገ በማናቸውም ቀን መውጣት ይችል ነበር። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው ሳይጨነቁ ሲኖሩ እያዩ ወጡ። የቀሩትን ዘጠና ስድስት ቤቶች ተቋሙ «ማነጻጸሪያ» ሲላቸው የድሬ ሰው «ራስ ገዞቹ» ይላቸዋል። ጥናቱ የሚያበቃው በመጪው ሰኔ ነበር።

የመዝጋቢ አንደኛው ደንብ ምክር አለመስጠት ነው። ራስ መነቅነቅ እንኳ ክልክል ነው። ሁለተኛው፣ ባልና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅና የአንዱን ቃል ለሌላው አለመንገር ነው። ደንቡ የፈረሰበት ቤት የሠላሳ ዓመት መዝገቡ በሙሉ ከጥናቱ ይወጣል።

ስንዱ ከምትጎበኛቸው አሥራ ስምንት ቤቶች አንዱ ከዚራ ሰፈር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሁለት የኒም ዛፍ የሚያጠላበት የኪሩቤልና የሶሊያና ቤት ነው። ስማቸው የዘመናቸው ነው። እነሱ በተወለዱበት ጊዜ ኪሩቤል ወይም ሶሊያና የማይባል ልጅ የሌለበት ክፍል አልነበረም፤ አሁን ሁለቱም የሽማግሌና የባልቴት ስም ሆነዋል። ኪሩቤል ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለባቡር ምልክት ሲሰጥ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሶሊያና በሁለት ዓመት ታንሰዋለች፤ እስካሁን ልብስ ትሰፋለች። ደንበኞቿ ጥቂት አይደሉም። «አንገቱ ክብ ይሁን ወይስ ሹል?» ብላ ስትጠይቃቸው አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የሚመጡት ይህን ጥያቄ ለመስማት ብቻ እንደሆነ ስንዱ ጠርጥራለች።

የድሬ ሰው ታላቁንም ታናሹንም አንተና አንቺ ማለቱን አልተወም። ስንዱ በመጀመሪያው ወር «እርስዎ» ስትል ኪሩቤል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ከዚያ በኋላ «ጋሼ፣ አንተ» ማለት ለመደች።

በዚያ ቤት ውሳኔ ቀላል አልነበረም። አልጋው መስኮት ሥር ይሁን ወይስ ግድግዳ ጥግ በሚለው አሥራ አንድ ቀን ተከራክረው ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሰውታል፤ ስንዱ ሁሉንም መዝግባለች። ሶሊያና የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ስትሰፋ ኪሩቤል አጠገቧ ሆኖ ያወራል። ስለ ሰፈር፣ ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ፣ በ2050 ስለ ዘገየ አንድ ባቡር። ለአንድ ቤት የተመደበው አርባ ደቂቃ ነው። ስንዱ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። ጆሮዋ ውስጥ ምክሬ «ከተመደበው ጊዜ አልፏል» ሲላት፣ ሳትዋሽም እውነቱን ሳትናገርም «መዝገቡን እያሟላሁ ነው» ትለዋለች።

ጥር ላይ የኪሩቤል ድምፅ ሻከረ። ብርድ ነው ተባለ። የካቲት ላይ ሆስፒታል ሄደ፤ ማንቁርቱ ላይ ዕጢ ተገኘ።

ሐኪሙ ዶክተር ኢዩኤል የሚባል ወጣት ነበር። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራቸው፤ ማንቁርቱን ቆርጦ ማውጣት ወይም በጨረር ማከም። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። እነሱም ጠበቁት።

«እሺ፣» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ፣ «ምክሬስ የትኛውን አለ?»

«የለኝም፤ ራስ ገዝ ነኝ፣» አለ ኪሩቤል።

ዶክተር ኢዩኤል ስድስት ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ በሽተኛ ገጥሞት አያውቅም። በሽተኞቹ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። ወንበሩን ወደ እነሱ አስጠግቶ፣ ወረቀት ፈልጎ፣ የጉሮሮ ሥዕል ሣለላቸው። በቀዶ ሕክምናው ከመቶ ሰው ሰባው ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፣ ድምፁ ግን ላይመለስ ይሄዳል። በጨረሩ ድምፁ ይቀራል፣ ያን ያህል የሚኖሩት ግን ከመቶ አርባ አምስቱ ናቸው። እንዲወስኑ አሥር ቀን ሰጣቸው። ሲወጡ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ስንዱ ይህን የሰማችው በመጋቢት ጉብኝቷ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። የስፌት መኪናው ቆሟል። ሁለቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰባ ሰው ይተርፋል፣» አለች ሶሊያና።

«ሠላሳ ሰው ይሞታል፣» አለ ኪሩቤል። «አየሽ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ አንድ ሐኪም ሰምተን፣ ሁለት ነገር ይዘን ወጣን።»

ድምፁ አሸዋ የገባበት ይመስል ነበር። ስንዱ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ብዕሩን ግን አላነሳችም።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አላት።

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«እንደማትችዪ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቄሽ አላውቅም።»

«ተዋት፣» አለች ሶሊያና። «እንጀራዋ ነው።»

ስንዱ እንደ ደንቡ ለየብቻ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ኪሩቤልን፣ በረንዳው ላይ።

«ጨረሩን፣» አለ። «ለእኔ ቢሆን ቢቆርጡትም ግድ የለኝም። እሷ ግን እኔ ሳላወራ ሰፍታ አታውቅም። አርባ ዓመት በዚህ ድምፅ የኖረችን ሴት በምን ልቤ ዝም ልበላት?»

ቀጥላ ሶሊያናን፣ ስፌት ክፍሉ ውስጥ። ሶሊያና ክር በመርፌ ለማስገባት ብትሞክር አልሆንላት አለ።

«ጨረሩን በይ ጻፊ። እኔማ በሕይወት ይኑርልኝ እንጂ ለምን ድዳ አይሆንም። ግን ኪሩ ካላወራ ምኑን ኖረው? እኔ ቁረጡት ብዬ ልፍረድበት? አልልም። እሱ የሚፈልገውን ነው የምለው።»

ቅጹ ላይ «ውሳኔው የማን ፍላጎት ነው?» የሚል መስመር አለ። ስንዱ በኪሩቤል ቅጽ ላይ «የሚስቱ»፣ በሶሊያና ቅጽ ላይ «የባሏ» ብላ ጻፈች። ሁለቱን ቅጾች አንድ ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ነገሩ ገባት። ሁለቱም የማይፈልጉትን ሊያደርጉ ነው፤ ይህንንም ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ቢሮ ተመልሳ የቤቱን የቆየ መዝገብ አወጣች። ከእሷ በፊት የነበሩ ሦስት መዝጋቢዎች የጻፉት ነው። በ2064 ኪሩቤል ጅቡቲ ጣቢያ ላይ የኃላፊነት ቦታ ቀርቦለት ነበር። አልሄደም። ምክንያት፦ «ሶሊያና ከእናቷ መራቅ አትወድም።» በኋላ ሲጠየቅ የሰጠው የጸጸት መጠን ከአሥር፦ ስምንት። የሶሊያና ቅጽ ላይ ደግሞ፦ «ኪሩ ድሬን ለቆ መኖር አይችልም፤ እኔማ መሄድ እፈልግ ነበር።» ጸጸት ከአሥር፦ ስምንት። መዝጋቢው ሁለቱንም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አስፍሮ፣ ፈርሞ፣ መዝገብ ቤት አስገብቷቸዋል። ስንዱ የሠላሳ ዓመቱን አገላበጠችው። አልጋ ሲያንቀሳቅሱ፣ ስለ በር ቀለም ሲጨቃጨቁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ የተሟገቱበት ነገር ሁሉ ጸጸቱ አንድ ወይም ሁለት ነው። ስምንትና ዘጠኝ የተጻፈው አንዱ ለሌላው ብሎ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ምክሬን ጠየቀችው።

«ይህ በሽታ የያዘው የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው የትኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል?»

«ቀዶ ሕክምናውን፣» አላት ወዲያው።

«ኪሩቤልስ?»

ትንሽ ቆየ። «እሳቸውን አላውቃቸውም።»

«ያየሁትን ልንገራቸው?»

«አትንገሪ። ከሥራሽ ትነሺያለሽ፤ ሊቀየሙሽም ይችላሉ። ዝም ብትዪ ከሁለት ወር በኋላ ሐዘኑ ይቀልልሻል።»

ምክሬ ውሸት ነግሯት አያውቅም። ስንዱ ያመነችውም ለዚያ ነው፤ በሁለት ወር እንደሚቀልላት ስላመነች ፈራች። ዮናታንም ቀልሎላት ነበር። በስድስት ሳምንት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉብኝት በሌለበት ቀን ሄደች። ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ምክር አልሰጣችሁም፣» አለች። «ቃላችሁን ነው የማነብላችሁ። ካነበብኩ በኋላ ይህ ቤት ከጥናቱ ይወጣል። የሠላሳ ዓመት ድካማችሁ ነው፤ አትፈልጉም ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ እመለሳለሁ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ይወጣ፣» አለች ሶሊያና። «አንብቢ።»

ስንዱ በጅቡቲው ጀመረች። ለምን በዚያ እንደጀመረች ራሷም አላወቀችም፤ ምናልባት ከጉሮሮው ይልቅ ጅቡቲ ቀለል ይላል ብላ ይሆናል። አልቀለለም። ስታበቃ ሶሊያና ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ባሕር ማየት እፈልግ ነበር፣» አለች። «በየማለዳው ባሕር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም? በቀን አሥር ሺህ ቃል ታወራለህ። ይቺን አንዷን ቃል ግን አላወራሃትም።»

ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይነዳል። ስንዱ እንዳይጣሉ ፈርታ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ አነበበችው፤ እሱ ስለ እሷ ያለውን፣ እሷ ስለ እሱ ያለችውን። ወረቀቱን አስቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

ውጭ ባጃጅ አለፈ።

«ሞት እፈራለሁ፣» አለ ኪሩቤል። «ሐኪሙ ዘንድ ልናገር ፈልጌ አንቺ አጠገቤ ስለነበርሽ አፈርኩ። ወንድ ልጅ በስድሳ ስድስት ዓመቱ እንዲህ ይላል? ግን እፈራለሁ። ገና ብዙ የማየው አለኝ።»

ሶሊያና እጁን ያዘች።

«እኔ የምልህን ስማ። ቅር እንዳይልህ። ስሰፋ የምታወራውን ግማሹን አልሰማውም።»

«ግማሹን?»

«ከግማሽ ይበልጣል። የ2050ው ባቡር ለምን እንደዘገየ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንበሩ ላይ መኖርህን ነው የምሰማው። ወንበሩ ይንቋቋል፣ ትተነፍሳለህ፣ እግርህን ታወዛውዛለህ። እሱ ይበቃኛል።»

ኪሩቤል የተቀየመ መሰለ። አፉን ከፍቶ ባቡሩ የዘገየበትን ምክንያት ሊነግራት ጀመረ፤ ወዲያው በሻከረው ድምፁ ሳቀ፣ ሳሉ አቋረጠው። እሷም እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ነገሩን እንደ አልጋውና እንደ በሩ ቀለም ተከራከሩበት። ቢደማስ፣ ማን ያስታምማል፣ ስልክ ሲደወል ማን ያነሳል፣ በምን ይጠራታል። ስንዱ ሳትጽፍ ሰማች። ስምንት ሰዓት ላይ «ይቆረጥ» አሉ፤ ማን ቀድሞ እንዳለው አልለየችም።

ሰኞ ዕለት የሆነውን ሁሉ ለኃላፊዋ ለአቶ ኤልያብ ራሷ ነገረች። ክፉ ሰው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ሰማት።

«ምክሬ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ዝም በይ ብሎኝ ነበር።»

«ሰምተሽ ነው የተናገርሽው? ወይስ በደንብ አልተሰማሽም?»

«በደንብ ተሰምቶኛል።»

አቶ ኤልያብ የሪፖርት ቅጹን አገላበጠ። ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን ሦስት አማራጭ ነበረው፤ የመሣሪያ ብልሽት፣ የመስማት ችግር፣ ያልታወቀ። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሦስቱንም ትቶ በጠርዙ ላይ በእጁ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደሆነ አላሳያትም። ማነጻጸሪያዎቹ ዘጠና አምስት ሆኑ። ስንዱ ከጉብኝት ተነስታ አሮጌ ቅጾች ወደሚደረደሩበት ክፍል ተዛወረች።

ቀዶ ሕክምናው ሚያዝያ ውስጥ ዓርብ ጠዋት ነበር። ስንዱ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ምክሬን ከጆሮዋ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፤ ጠልታው አይደለም፣ ያን ቀን የሚነግራትን ሁሉ የምትችለው ስላልመሰላት ነው። ኪሩቤልን ከመውሰዳቸው በፊት ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ይሁኑ ብላ ኮሪደር ላይ ቆመች። ከትንሽ በኋላ አልጋውን እየገፉ አለፉ። ኪሩቤል እጁን ከአንሶላው ሥር አውጥቶ አውለበለበላት፤ ባቡር እንዲያልፍ የሚፈቅድ ሰው ይመስል ነበር። ዶክተር ኢዩኤል ከክፍሉ ወጥቶ ሲከተለው ዞር ብሎ ለሶሊያና አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

ሶሊያና ክፍሉ ውስጥ አልጋው የነበረበት ባዶ ቦታ አጠገብ ቆማለች።

«ጋሼ ምን አለሽ?» አለች ስንዱ።

«ብዙ አለኝ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ ነው የጀመረው። ስለተጋባንበት ቀን፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ጅቡቲ። ይቅርታም ጠየቀኝ።» የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። «አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ግን ዞረና ‹በልተሻል?› አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ሆነ። አልበላሁም አልኩት። ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፤ በሩ ተዘጋ።»

ስንዱ ክንዷን ያዘች። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ትንሽ ቁርስ ቤት አለ። አስተናጋጇ መጥታ ቆመች፣ እንደ ልማዷም ያቺን አፍታ ጠበቀች። አፍታው አለፈ።

«ፉሉ ዛሬ እንዴት ነው?» አለች ሶሊያና።

አስተናጋጇ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተች። «ፉል ነው፣» አለች።

«ይጣፍጣል ወይ ማለቴ ነው።»

አስተናጋጇ ወደ ማድ ቤት ዞር ብላ አየች። «ቆዩ፣» አለች፤ ገባችና በማንኪያ ቀምሳ ተመለሰች። «ጨው ያንሰዋል። ፈጢራው ግን አሁን ነው የወጣው።»

«ማር ያለበት ይሻላል ወይስ ያለማር?» አለች ሶሊያና ወደ ስንዱ ዞራ።

ስንዱ አሰበች። አንድ ጊዜ ያለማር አለች፣ መለሰችና በማር አለች፤ ደግሞ ፉሉን ጨው ጨምረው ቢያመጡትስ አለች። ሶሊያና ሁሉንም በአንክሮ ሰማች፣ የራሷንም አለች። አስተናጋጇ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ወደ ሆስፒታሉ ሲመለሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። ዶክተር ኢዩኤል በሩ ላይ ጠበቃቸው። ፊቱን አይተው አወቁ፤ እሱ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘርዝሮ ነገራቸው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ማስረዳት የለመደ ይመስላል።

ኪሩቤል የነቃው አሥር ሰዓት ላይ ነው። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ቱቦዎች አሉበት። ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን አየ፣ ስንዱን አየ፣ ከዚያ ሶሊያናን ሲያገኛት ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሞከረና ቆመ። ቀኝ እጁን በዝግታ ከፍ አደረገ። አምስት ጣቶቹን ገጠመ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ።

«በላሁ፣» አለች ሶሊያና። «ፈጢራ ነው የበላነው። ግማሹ በማር ግማሹ ያለማር። ለመምረጥ አርባ ደቂቃ ፈጀብን።»

የኪሩቤል ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስንዱ ሕመም መስሏት ነርስ ልትጠራ ብድግ አለች። ሶሊያና ግን ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት።

«ተዪው፣» አለቻት። «እየሳቀ ነው።»